ከግቡ ኋላ የቆሙት ሰዎች

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። የሚያስቸግረኝ መጨረሻው አይደለም። ስልኩ ጋ ስደርስ ነው እጄ የሚቆመው። ዛሬ ስልኩን አልፌ ለመሄድ ወስኛለሁ። አጻጻፌ ቀጥ ያለ ባይሆን ታገሡኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከአገር የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከደብዳቤ ሌላ ጽፌ አላውቅም። አገር ቤት ላሉት ስል የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። የዮናስን ብቻ አልለወጥኩም። እሱን ከእንግዲህ ማንም ምንም ሊያደርገው አይችልም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለንደን ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ። ከታላቅ ወንድሜ ከሰሎሞንና ብርሃኑ ከሚባል የሰፈራችን ልጅ ጋር ኬንቲሽ ታውን አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስታችንም የምንማረው አንድ ኮሌጅ ነው። ሰሎሞን የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ብርሃኑ የሒሳብ አያያዝ፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ። ሦስታችንም ለኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን እንጫወታለን። የምነግራችሁ የዚያን ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ግን መጀመሪያ ቡድኑን ማወቅ አለባችሁ።

መስከረም ላይ ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ናይጄሪያውያን፣ አንድ የቆጵሮስ ልጅ፣ ክላይቭ የሚባል የትሪኒዳድ በረኛ፣ ጥቂት እንግሊዞችና አየርላንዶች፣ ከዚያ እኛ ሦስት አበሾች። አሠልጣኙ ሚስተር ፓልመር የብየዳ መምህር ነው። ጉልበቱ ስለተጎዳ ከመስመሩ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፓይፑን እያጨሰ ነው የሚያሠለጥነን። የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ተሸነፍን። አንዱን የተጫወትነው በስምንት ሰው ነው። ግማሹ ተጫዋች ዓርብ ዓርብ ሆቴልና ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ሲያጥብ ያመሽና ቅዳሜ አይነሣም።

ሚስተር ፓልመር ሰሎሞንን አምበል ያደረገው ያኔ ነው። ወንድሜ በኳስ ችሎታው ከሌሎቻችን አይበልጥም ነበር። መሐል ተከላካይ ነው፤ ሩጫው ከባድ ነው፤ ግራ እግሩ ለመቆሚያ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ግን አምበል በሆነ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ ተነሣና የተጫዋቾቹን አድራሻ በወረቀት ይዞ በአውቶቡስ ወጣ። እየዞረ በር ያንኳኳል። ሲከፈትለት አይቆጣም፣ አይለምንም። ወደ ወጥ ቤት ይገባና ሻይ ያፈላል። ሰውየው እስኪነሣ ሻዩን ይዞ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል።

“ሰው ሻይ ይዞ እየጠበቀህ እንዴት ትተኛለህ?” አለኝ ክላይቭ አንድ ቀን። “ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጮህ ተመልሼ እተኛለሁ።”

ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ማሊያዎቹን በሙሉ በጆንያ ሰብስቦ ሰፈራችን ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ላውንድሬት፣ ይወስድና ያጥባል። ማንም አላዘዘውም። ኮሌጁ ሲያጥብ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ማሊያ ይጠፋ ነበር። እሱ ከጀመረ ወዲህ አንድም አልጠፋም።

አሥር ቁጥርን ግን ማንም አይለብሰውም። አሥር ቁጥር የዮናስ ነው።

ዮናስ መካከለኛው ወንድማችን ነው። ከሰሎሞን ሦስት ዓመት ያንሳል፤ እኔን በሁለት ይበልጠኛል። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እማዬ ሦስታችንን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ኳስ የሚችለው ዮናስ ነው። ሰሎሞን በትምህርት ዕድል ለንደን ከሄደ በኋላ፣ ከአገር መውጣት አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ፣ አጎታችን የመውጫ ፈቃድ ሊያስጨርስ የቻለው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ተራው የዮናስ ነበር። “ኤልያስ ይሂድ” አለ። “እኔ ቢያባርሩኝ መሮጥ እችላለሁ። እሱ ይወድቃል” ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ሄድኩ። ሦስት ወር ሳይሞላኝ ከእማዬ ደብዳቤ መጣ። “ዮናስ ሆስፒታል ገብቷል፤ በየቀኑ ምግብ እወስድለታለሁ” ይላል። በዚህ ዘመን ከአገር ቤት ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ታስሯል ማለት ነው።

ሰሎሞን ይፈታል ብሎ ያምን ነበር። ለኮሌጁ አፕላይ አድርጎለት ቦታ አገኘለት። ሚስተር ፓልመርንም “አሥር ቁጥር ይቀመጥልኝ” አለው። ሚስተር ፓልመር ፓይፑን ከአፉ አወጣና “መቼ ነው ወንድምህ የሚመጣው?” ሲለው “ሲለቁት” አለ። ሰውየው ሁለተኛ አልጠየቀም። ዓመቱን ሙሉ ከዘጠኝ ወደ አሥራ አንድ እየዘለልን ተጫወትን። ያልተለበሰውን ማሊያ ግን ሰሎሞን በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ያጥበዋል።

“ንጹሕ እኮ ነው” አልኩት አንዴ።

“ብቻውን አዲስ ሆኖ እንዳይቀር ነው” አለኝ። “ሲመጣ እንግዳ ይመስላል።”

ከፈረንጅ ገና በኋላ ማሸነፍ ጀመርን። በመጋቢት ሁለተኛ ነበርን። የመጨረሻው ጨዋታ ክሮይደን ላይ ያኔ አንደኛ ከነበረው ቡድን ጋር ሆነ። እዚያ እስክንደርስ ደርሰንባቸው በነጥብ እኩል ሆነናል፤ እኛ በጎል እንበልጣለን። እኩል ለእኩል ብንወጣ እንኳ የምድቡ አንደኛ እንሆናለን። ኮሌጁ በኳስ ምንም አሸንፎ አያውቅም ነበር።

አሁን ስልኩ ጋ ደረስኩ።

ዓርብ ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ስልኩ ያለው ታች፣ ደረጃው ሥር ግድግዳው ላይ ነው። ሲጮህ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ አነሣሁት።

“ሃሎ” አልኩ።

“ብርሃኑ” አሉ ጋሼ ወልዱ።

ጋሼ ወልዱ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ሼፈርድስ ቡሽ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ያኔ ለንደን ለነበርነው ጥቂት አበሾች ሠርግም ሆነ ልቅሶ የሚያስተባብሩት እሳቸው ነበሩ። የእኔና የብርሃኑ ድምፅ በስልክ ይመሳሰላል፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “ኤልያስ ነኝ” ልል ስል አላስጨረሱኝም።

“ዝም ብለህ ስማ። ልጆቹ በአጠገብህ ሊኖሩ ስለሚችሉ ‘እሺ’ ብቻ በል።”

ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ “እሺ” አልኩ።

“ትናንት ከአዲስ አበባ ሰው መጥቷል። የነሰሎሞን ወንድም፣ ዮናስ፣ አርፏል። እናቲቱ ስንቅ ይዛ ብትሄድ ‘ከእንግዲህ እንዳታመጪ’ ብለው ልብሱን ሰጧት። እየሰማኸኝ ነው?”

“እሺ።”

“እሑድ ማለዳ መጥተን እንነግራቸዋለን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አናልፍም። እስከዚያ አደራህን። ሰሎሞን ስልክ እንዳያነሣ። ሰው ዘንድ እንዳይሄዱ። በተለይ ትንሹን አደራ። እዚህ የላከው ዮናስ ነው አሉ፤ እሱን ቀስ ብለን፣ ይዘነው ነው የምንነግረው። ነገ የት ናቸው?”

“ክሮይደን” አልኩ። “ጨዋታ አለ።”

“የኳስ?”

“እሺ።”

“መልካም” አሉ። “ይጫወቱ። ይቺን አንድ ቀን አንንፈጋቸው።” ስልኩ ተዘጋ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላስታውስም። የማስታውሰው የደረጃው ምንጣፍ አንድ ቦታ ተቀዶ ክሩ መውጣቱን ነው። ያንን ክር ስስብ ነበር።

“ማነው?” አለ ሰሎሞን ከላይ።

“ተሳስቶ የደወለ ሰው ነው” አልኩት።

ወደ ላይ ስወጣ ጋዜጣ አንጥፎ መሬት ተቀምጧል። የታኬታ ጫማውን ጥርሶች እያጠበቀ ነው። ደስ ብሎታል። “ዮናስ ይህን ጨዋታ ቢያየው ምን ይል ነበር?” አለኝ ሳያየኝ። “እንደ ዝሆን ትሮጣለህ ነበር የሚለኝ።”

በዚያች ደቂቃ ልነግረው እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አንባቢዎች ሆይ፣ ለምን አልነገርከውም ካላችሁኝ ሁለት መልስ አለኝ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። አንደኛው፣ በእኛ ዘንድ መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ሰው ይሰበሰባል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ይኖራል። እኔ አንድ ነበርኩ፣ ለዚያውም እኔም የምወድቅ። ሁለተኛው፣ ወንድሜ ያን ቡድን በሻይና በሳሙና የሠራው ነው። ልፋቱ ሁሉ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ጋሼ ወልዱ ይቺን አንድ ቀን አንንፈጋቸው ብለዋል። እኔ የራሴን ቀን አጥቻለሁ። የእሱን አልነካም አልኩ።

ቅዳሜ እንደ ልማዱ ማለዳ ወጥቶ ሰዎቹን ቀሰቀሰ። ከቪክቶሪያ በባቡር ሄድን። ክሮይደንን እኛ የምናውቀው በኢሚግሬሽን ቢሮ ነው፤ አበሻ ወደዚያ የሚሄደው ደብዳቤ ሲደርሰው ብቻ ነው።

“ፓስፖርት ይዛችኋል?” አለ ብርሃኑ ባቡሩ ውስጥ። “ብናሸንፋቸው እዚያው ቪዛችንን እንዳይሰርዙት።”

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው እንዲህ ሆኖ መሳቅ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

የምጫወተው በግራ ተከላካይነት ነው። የሚገጥመኝ ቀይ ጸጉር ያለው ፈጣን ሰባት ቁጥር ነበር። በሃያኛው ደቂቃ ኳስ ወደ እኔ መጣች። ቀላል ኳስ ናት። እያየኋት በሥሬ አለፈች። ሰባት ቁጥሩ ብቻውን ገብቶ አገባት።

ሰሎሞን ወደ እኔ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“ያ ልጅ በቀኝ እግሩ ብቻ ነው የሚሄደው” አለኝ። “መስመሩን ዝጋበት። ወደ ውስጥ ከገባ እኔ አለሁ።”

ሰዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእረፍት አሥር ደቂቃ ሲቀር። ከሜዳው ማዶ በጭቃው መንገድ ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁት የጋሼ ወልዱን ጥቁር ካፖርት ነው። ከኋላቸው በልቅሶም በሠርግም አብረዋቸው የማይጠፉት እትዬ አልማዝ፣ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው። ከዚያ ሌሎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው። መጥተው ከግባችን ኋላ በአንድ መስመር ቆሙ። የነገርኩት የት እንደምንጫወት ነበር፤ ኑ አላልኳቸውም። ዛሬ ሳስበው አስቀድመው በዓይናቸው ሊያዩን ፈልገው ነው። ቢወራና ብንሰማ እንኳ አጠገባችን ሰው እንዲኖር። ግን ከእነሱ ውስጥ አንድም ሰው ኳስ አይቶ አያውቅም።

“ሰሎሞን፣ እነዚህ ሁሉ ቤተሰቦችህ ናቸው?” አለ ክላይቭ ከግቡ ውስጥ።

ሚስተር ፓልመር ደስታውን አልቻለም። “በመጨረሻ ደጋፊ አገኘን” እያለ ባርኔጣውን አነሣላቸው። ጋሼ ወልዱ የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው አጸፋውን መለሱ። ሌሎቹ አይጮሁም፣ አያጨበጭቡም፤ ቆመው ያዩናል። ጋሼ ወልዱ በመካከሉ ብርሃኑን በዓይናቸው ጠቀሱት። ብርሃኑ ወደ እኔ ተጠጋ።

“ጋሼ ወልዱ ምን ሆነው ነው የሚጠቅሱኝ? ዓይናቸውን አመማቸው እንዴ?”

“እኔ እንጃ” አልኩ።

እረፍት ሆነ። ሰሎሞን ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ሰላም ሊላቸው ሄደ፤ ትልቅ ሰው መጥቶ ዝም አይባልም። ጥቂት ራቅ ብዬ ተከተልኩት።

“እንዴት መጣችሁ ጋሼ? ይህን ሁሉ መንገድ?” አለ አንገቱን ዝቅ አድርጎ።

“እንዲያው…” አሉ ጋሼ ወልዱ። “አየሩ ደስ ቢለን ጊዜ።”

እያካፋ ነበር።

እትዬ አልማዝ ጉንጩን ሳሙት። አልለቀቁትም። ላቡንና ጭቃውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት፤ ከተጠረገም በኋላ ይጠርጉ ነበር። ሰሎሞን እስኪጨርሱ ጎንበስ ብሎ ጠበቃቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዳቸውን አየ። “እግዜር ይስጥልን” አለና ተመለሰ።

ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ውኃ ጠጣ። ሚስተር ፓልመር እኔን ሊቀይረኝ ፈልጎ “ታናሽህ ዛሬ ጤነኛ አይመስለኝም” ሲለው ሰማሁ።

“አይወጣም” አለ ሰሎሞን። “አጠገቤ ይሁን።” ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ የማሊያዬን አንገት አስተካከለልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አድርጎት አያውቅም። “ኤልዬ፣ አሁን ወደ ሰው አትይ። ኳሷን ብቻ እይ። ሲጨነቅህ ጥራኝ።”

ስለ ጎሉ የሚያጽናናኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ረጅም ነበር። ሜዳ ስለቀየርን አሁን የምናጠቃው እነሱ ወደቆሙበት ግብ ነው። ወንድሜ እንዲያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ዝሆን ያለው ዮናስ ቢያየው አፉን ይዘጋ ነበር። ሁሉም ቦታ ነው። የሁሉንም ስም እየጠራ ያነጋግራል። የእኔን ስም በየደቂቃው ይጠራል፤ “ኤልዬ፣ ያዘው። ኤልዬ፣ ጥሩ ነው። ኤልዬ፣ አለሁ።” ቀይ ጸጉሩ ልጅ ሁለተኛ አላለፈኝም። ለጥቂት ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስልኩን ረሳሁት።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ናይጄሪያዊው አጥቂያችን ግቡ ፊት ተጠለፈ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ሪጎሬ።

ሪጎሬ የሚመታው ሰሎሞን ነው። ኳሷን አስቀምጦ ወደኋላ ተራመደና ቀና አለ። በረኛው ከፊቱ ነው፤ ከበረኛው ጀርባ፣ በመረቡ ውስጥ የሚታዩት እነሱ ናቸው፤ ጋሼ ወልዱ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ሰሎሞን ቆሞ አያቸው። ዳኛው ሁለተኛ ነፋ። አሁንም ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሮጦ መታ።

ገባች። ልጆቹ ጮሁ፤ ሚስተር ፓልመር ጉልበቱን ረስቶ ዘለለ። ከግቡ ኋላ የቆሙት ግን አንድ እጅ እንኳ አላጨበጨቡም። ሐዘን ለሚጠብቀው ልጅ ማጨብጨብ ነውር መስሏቸው ነው። ሰሎሞን ኳሷን ከመረቡ ሊያወጣ ሲገባ ከጋሼ ወልዱ የለየው መረቡ ብቻ ነበር። ተያዩ። ሰሎሞን ኳሷን እንደታቀፈ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሣቸው፤ ከዚያ ወደ መሐል ሮጠ።

አንድ ለአንድ አለቀ። አንደኛ ሆንን። ልጆቹ ሰሎሞንን ተሸከሙት። አልከለከላቸውም። ሲያወርዱት የተጋጣሚዎቻችንን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ፤ ቀይ ጸጉሩንም። ከዚያ ጆንያውን ይዞ ማሊያዎቹን ሰበሰበ። ሰዎቹ በመጡበት መንገድ ተመልሰው ነበር።

ልጆቹ ወደ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እኔና እሱ ላውንድሬት ገባን፤ እንደ ሁልጊዜው። ገና ብርሃን ነበር። ማሊያዎቹን አንዱ ማሽን ውስጥ ከተተና አጠገቤ ተቀመጠ። ውኃው ጭቃ ሆኖ ሲዞር እናያለን።

“ስንመለስ ሚስስ ኦብራየንን ወንበር እንድታውሰን ለምናት” አለኝ። ሚስስ ኦብራየን የቤቱ ባለቤት ናት። “ምድር ቤት ያሉትን ታጣፊ ወንበሮች።”

“ለምን?”

“ነገ ጠዋት እንግዳ ይመጣል።”

“ስንት ወንበር?”

“አሥራ ሁለት።”

ማሽኑን ማየት አልተውኩም። በሐሳቤ ግን ወደ ክሮይደን ተመልሼ ከጋሼ ወልዱ ጀምሬ፣ እትዬ አልማዝን ጨምሬ፣ እስከ ጫፉ ቆጠርኳቸው። አሥራ ሁለት ነበሩ።

“አውቀሃል” አልኩት።

“ጋሼ ወልዱ በዝናብ ክሮይደን ድረስ መጥተው አየሩ ደስ ብሎን ነው ሲሉኝ ምን ልወቅ?” አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። “አንተም ታውቃለህ ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ?”

“ከትናንት። ስልኩ ላይ ብርሃኑ መስያቸው።”

“ለዚህ ነዋ ያቺን የመሰለች ኳስ ያሳለፍካት” አለ። ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ትከሻዬን አቅፎ ወደ ራሱ አስጠጋኝና “ብቻህን” አለ። “አንድ ቀን ሙሉ ብቻህን።”

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሰሎሞን መርዶ እንዳለ ያውቃል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም። ከእረፍት ጀምሮ፣ ሪጎሬውን ሲመታ፣ ሲሸከሙት፣ በባቡሩ፣ የማንን ሞት እንደተሸከመ ሳያውቅ ነው የቆየው። እኔም ልነግረው አልደፈርኩም። ማሽኑ ቆመ። ማሊያዎቹን አውጥቶ ማድረቂያው ውስጥ ከተተ። ደረቁ። ማጠፍ ጀመርን፤ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው።

ስምንት ቁጥር ላይ እጁ ቆመ።

“አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ” አለ። “ሌላውን ነገ እነሱ ይንገሩኝ። እማዬ ናት?”

“አይደለችም።”

መጀመሪያ ትከሻው ወረደ፤ ከባድ ነገር እንዳስቀመጠ ሰው ተነፈሰ። ከዚያ የቀረው ማን እንደሆነ ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ስምንትን አጠፈ። ዘጠኝን አጠፈ። አሥርን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ በመዳፉ አስተካከለው፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መለሰና አጠፈው። በዘጠኝና በአሥራ አንድ መካከል አኖረው።

ቤት ስንደርስ ወንበሮቹን ደረደርን፤ ክፍሉን ጠረገ። ብርሃኑን ጠርቶ “ነገ ጠዋት በር የምትከፍተው አንተ ነህ፤ ጋሼ ወልዱ የነገሩት አንተን ነው” ሲለው ብርሃኑ ግራ ገባው። ከነገርነው በኋላ ደረጃው ላይ፣ እኔ ዓርብ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

“ማወቃችንን እንዳያውቁ” አለ ሰሎሞን። “ሲጨነቁ ነው የሰነበቱት። እንደ ወጉ ያድርጉልን።”

እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። ገቡና ተቀመጡ። ጋሼ ወልዱ ለመናገር ከወንበራቸው ተነሡ።

“ልጆቼ” አሉ። “ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ…” ድምፃቸው ተቆረጠ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ተቆረጠ። ስንት ቤት መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው፤ ያን ጠዋት ቃል አጡ። ሰሎሞን ተነሥቶ እጃቸውን ያዘ።

“ጋሼ፣ ይንገሩን” አለ በቀስታ። “ይዘንዎታል።”

ነገሩን።

ያኔ ወንድሜ አለቀሰ። ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ። የዮናስን ስም እየጠራ ደረቱን ሲመታ አራት ሰው ያዘው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ያህል ሆኜ ወደቅሁ፤ መሬት ሳልደርስ እትዬ አልማዝ እቅፍ ውስጥ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፓልመርና ልጆቹ በሙሉ መጡ። ክላይቭ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ለሁሉም ሻይ አፈላ፤ ሰሎሞን ፊት ኩባያውን ይዞ እስኪቀበለው ድረስ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አልማዝ እንዲህ አሉኝ፤ “ያን ጠዋት ቆሞ የቀረ ሰው አልነበረም። ወንበሩ ልክ በልካችን።” ጋሼ ወልዱ ይህን ሲሰሙ ሰሎሞንን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። ምን ለወጠብህ ትሉኝ ይሆናል። ዮናስ የሰጠኝን ቦታ የሰረቅሁት ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመስለኛል። ግን ያን ቅዳሜ ሰው በሐዘን መካከል ምን ሊያደርግ እንደሚችል አየሁ። ወንድሜ በሕይወቱ ክፉ ቀን የእኔን ስም ሲጠራ ነው የዋለ። ጥንካሬ አለማልቀስ ይመስለኝ ነበር። ጥንካሬ ለሚመጡት ወንበር መደርደር እንደሆነ ከእሱ ተማርኩ። ከዚያ በኋላ የማንም መርዶ ሲኖር ጋሼ ወልዱ ይደውሉልኛል። ማለዳ አብሬያቸው ሄጄ የሰው በር አንኳኳለሁ። በዚህ ዘመን የሚንኳኳው በር ብዙ ነው።

ጋሼ ወልዱ፣ ስምዎን ብለውጠውም ይህን ካነበቡ ራስዎን ያውቃሉ። ዓርብ ዕለት ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ግን አልተሳሳቱም። ቀስ ብለን፣ ይዘነው ነው የምንነግረው ብለው ነበር፤ እሑድ ጠዋት እንዳሉት አድርገዋል።

በተከታዩ ዓመት ሰሎሞን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያዘ፤ አምበልነቱን ሚስተር ፓልመር ለእኔ ሰጠኝ። ቅዳሜ ማለዳ ሻይ የማፈላው እኔ ሆንኩ። መስከረም ላይ በካርቱም በኩል የመጣ አንድ የአገራችን ልጅ ሊጫወት ተመዘገበ። ኳስ ይችላል። ቀሪው ማሊያ አንድ ብቻ ነበር። ወደ ቤት ሄጄ ሰሎሞንን ጠየቅሁት፤ ለመጠየቅም ብዙ ቆየሁ።

ራቱን እየበላ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ታጥቧል አይደል?” አለ።

“ታጥቧል።”

“ስጠው።”